ስለ ገንዘብ መለወጥ፥ በመንግሥትና በሕዝብ ላይ ስለሚያመጣውም ነገር

ገንዘብ የሚባለው ነገር ክብሩ በሁለት ወገን ነው። አንደኛው በራሱ ባሕርይ ያለው ክብር ነው፤ ብር ቢቀልጥ ብር ነው፥ አሞሌም ቢሰበር ከወጥ ይገባል። ሁለተኛው መንግሥት በዐዋጅ የሚሰጠው ክብር ነው፤ ወረቀት ከዚህ በቀር ሌላ ክብር የለውም። ስለዚህ መንግሥት ዐዋጁን ባነሣ ጊዜ የወረቀቱ ዋጋ በተቈረጠው ቀን ያልቃል። ገንዘብ በተለወጠ ቍጥር የሚሆነው ጭንቀት ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

በቀድሞ ዘመን በጎጃም ገበያ የሚሠራበት ገንዘብ አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። አሞሌው ከአፋር በረሓ ተቈርጦ ስለሚመጣ፥ ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ ይሄድ ነበር፤ ዓባይን ተሻግሮ ሲሄድማ ይልቁን ይከብራል። ብሩ ግን ከኦስትሪያ የመጣ፥ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፥ የተጻፈበትም ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው። ሻጩ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ሳይቈጥር አይቀበለውም ነበር። ዐፄ ምኒልክ የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ አሠርተው 1887 ዓ.ም. የሚል ጽሕፈት ቢያደርጉበትም፥ ባላገሩ የለመደውን አልተወም። የንጉሥ መልክ ብቻውን ልማድን ወዲያው እንደማያሸንፍ ከዚህ ይታወቃል።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሊሬን ባስገባ ጊዜም ነገሩ እንዲሁ ሆነ። ብሩን ለመሰብሰብ የሊሬውን ምንዛሪ ደጋግሞ ቢያሻሽልም፥ በተለይ አርበኞች በበረቱበት አገር ሰው ወረቀቱን ንቆ ብሩን ቀበረ። እንግሊዞች ይህን ስላወቁ የማርያ ቴሬዛን ብር በቦምቤይ አስመቱ። ጣልያን በየካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቅቆ ሲሄድ፥ ሊሬ ያከማቸ ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ምንም ያህል አልቀረውም፤ ብር የቀበረው ግን አልተጐዳም።

ከነጻነት በኋላ በአገሩ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፥ የማርያ ቴሬዛ ብር፥ ሊሬ፥ የሕንድ ሩፒና የግብጽ ፓውንድ ባንድነት ይሠሩ ነበር። መንግሥት በሌላ አገር ገንዘብ ሲሠራ የገንዘቡ መብዛትና ማነስ በባዕድ እጅ ነው፤ ይህም የነጻነት ጉድለት ነው። ስለዚህ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የራሱን ገንዘብ አወጣ፤ ምንዛሪውም 1 ብር በ2 ሽልንግ ሆነ። ሕዝቡ ወረቀቱን እንዲያምን የ50 ሳንቲሙ ገንዘብ ከአሜሪካ በብድር ከተገኘ እውነተኛ ብር ተመታ። ይህ መልካም ብልሃት ነበረ፤ ወረቀትን ለማስለመድ ብርን አጠገቡ ማኖር ይገባልና።

ገንዘቡ አንድ ሲሆን ደመወዝና ግብርም በእርሱ ሆነ። ቀድሞ በማር፥ በእህልና በጕልበት ይገብር የነበረው ገበሬ አሁን ለግብር ሲል ይሸጣል፤ የሚሸጠውም በመከር ወራት፥ ዋጋ በረከሰ ጊዜ ነው። በጎጃም በ1960 ዓ.ም. ስለ እርሻ ገቢ ግብር ሁከት በተነሣ ጊዜ ዋናው ምክንያት የርስት መለካት ፍርሃት ቢሆንም፥ ይህም ሸክም የሚናቅ አልነበረም።

ደርግ በ1969 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበትን ወረቀት ሽሮ ሌላ አወጣ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ ኢትዮጵያም ወረቀትዋን ለወጠች፤ የሁለቱ አገሮች ንግድ በውጭ ምንዛሪ ይሁን በመባሉ ክርክሩ ጠና፥ በዚያውም ዓመት በግንቦት ጦርነት ሆነ። ጦርነቱን ያመጣው ገንዘብ ብቻ ነው ማለት ግን አይገባም።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50ና የ100 ብር ወረቀቶች እንዲለወጡ፥ አዲስም የ200 ብር ወረቀት እንዲወጣ ታወጀ። 2.9 ቢሊዮን ወረቀት ታተመ፥ ለዚህም 3.7 ቢሊዮን ብር ወጣ፤ የተሰጠውም ጊዜ ሦስት ወር ነበረ። የታሰበው ከባንክ ውጭ የተከማቸውን ገንዘብ ወደ ባንክ ለማግባት፥ ሐሰተኛውን ለመለየትና ወደ ውጭ የሚሸሸውን ለመከልከል ነው። ገንዘቡን በባንክ የሚያኖር ነጋዴ ብዙ አይቸገርም። በሽንዲና በቡሬ አገር በርበሬና በቈሎ ሽጦ በቤቱ የሚያኖር ገበሬ ግን ቀኑን ካልሰማ ድካሙ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አሮጌውን በጕድለት እንግዛህ የሚሉ ሰዎችም በእንዲህ ያለ ጊዜ ይበዛሉ፤ ባንኩ 100 ብርን በ100 ብር እየለወጠ ሳለ፥ ለእነርሱ መስጠት ከንቱ ኪሣራ ነው። በትግራይ ግን ቀኑ ሳያልቅ ጦርነት ስለ ተነሣና ባንኮች ስለ ተዘጉ፥ ችግሩ የሰሚው ስንፍና አልነበረም።

ብዙ ሰው ገንዘብ ሲለወጥ ዕቃ ይረክሳል ብሎ ነበር። ነገር ግን በ2013ና በ2014 ዓ.ም. የዕቃ ዋጋ ይልቁን ጨመረ። አሮጌው በአዲሱ አንድ ለአንድ ሲለወጥ መልኩ ይለወጣል እንጂ ብዛቱ አይጐድልም፤ እህሉም በዚያ ምክንያት አልበዛም።