የ1983ቱ የሠራዊት መፍረስና የቃሊቲ መጠለያዎች፦ ያልተቋጨው ክርክር

ግንቦት በመጣ ቁጥር በከተማም በገጠርም አንድ የቆየ ክርክር ይነሳል። ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ ሠራዊቶች ሁሉ ትልቁ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ ጦር በ1983 ዓ.ም. በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዴት ሊበተን ቻለ? ተሸነፈ ወይስ ተከዳ? መልሱ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። የቀድሞ መኮንን አንድ ነገር ይላል፣ በአፈሳ ተይዞ የዘመተ ገበሬ ሌላ ነገር ይላል፣ ልጇን ሳትቀብር የቀረች እናት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነገር ትላለች።

በዚህ ክርክር ውስጥ እምብዛም ቦታ የማያገኘው ከሠራዊቱ ጋር አብረው የተነቀሉት ሰዎች ጉዳይ ነው። በኤርትራ የሰፈረው ጦር ብዙ ዓመት የቆየ ስለነበር ወታደሩ እዚያው አግብቷል፣ ወልዷል፣ ቤት አቁሟል። ከእርሱም ጋር መምህራን፣ የጽሕፈት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። ጦሩ ሲፈርስ እነዚህ ሁሉ ባዶ እጃቸውን መንገድ ወጡ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ አዲስ አበባ ደርሰው በጊዜያዊ መጠለያ ሰፈሩ፤ ከመጠለያዎቹ አንዳንዶቹ የተተከሉት በዋና ከተማዋ ደቡባዊ በር፣ በቃሊቲ ነበር። ጊዜያዊ የተባለው ኑሮ ለብዙዎች አሥርት ዓመታት ዘልቋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከግንቦት 1983 ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ የነበረው ጦር ተመታ። በየካቲት 1981 ዓ.ም. ሽሬ እንዳሥላሴ ላይ 604ኛው ኮር ፈረሰ፤ ወዲያውም መንግሥት ትግራይን ለቆ ወጣ፣ መቀሌም ያለ ውጊያ ተለቀቀች። ያን ጊዜም ቢሆን መውጣቱ ለምን እንዲያ በችኮላ ሆነ የሚለው ጥያቄ በመኮንኖች ዘንድ ብርቱ ቅሬታ አስነስቶ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከፍተኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ሙከራው ከሸፈ፣ በዓመቱም 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ሠራዊቱ በአንድ ጊዜ ልምድ ያላቸውን አዛዦቹን አጣ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ደግሞ ምፅዋ ወደቀች። ከዚያ በኋላ በአሥመራና በዙሪያዋ የነበረው ብዙ ሺህ ጦር ስንቅና ጥይት የሚያገኘው በአየር ብቻ ሆነ። እህል በመርከብ የሚቀበል ከተማ እህል በአውሮፕላን ሲቀበል ገበያው ምን እንደሚመስል ለገበሬ አይነገርም።

ይህ ከበባ 15 ወር ያህል ቆየ። ፍጻሜው ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ መጣ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ለቀው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ሥልጣኑን ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ተረከቡ። ግንቦት 16 ቀን አሥመራ በኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጭ ግንባር እጅ ገባች። ግንቦት 19 ቀን ለንደን ላይ የሰላም ንግግር ተጀመረ፤ በማግስቱ ግንቦት 20 ቀን የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንግግሩ የሚያድነው ነገር አልቀረለትም ነበር።

በወታደራዊ ሙያ ማፈግፈግ ከማጥቃት የከበደ ሥራ ነው። በሥርዓት የሚያፈገፍግ ጦር አስቀድሞ ቁስለኛውንና ቤተሰቡን ያወጣል፤ የከባድ መሣሪያውንና የጥይት ግምጃ ቤቱን ዕጣ ይወስናል፤ ከዚያም አንዱ ክፍል ቆሞ እየተከላከለ ሌላው ይወጣል። ለዚህ ሁሉ መንገዱ፣ ቀኑ፣ የውኃውና የነዳጁ ቦታ ቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ከሁሉም በላይ ትእዛዝ የሚሰጥና ትእዛዙ የሚሰማለት ሰው ያስፈልጋል። በግንቦት 1983 ይህ ሰንሰለት ከላይ ተበጠሰ። በአሥመራ የነበረው ጦር ከፊሉ በከረን በኩል ወደ ሱዳን ድንበር ጉዞ ጀመረ። ግንቦት በዚያ ቆላ የሐሩር ወር ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሰላ እስኪደርሱ ብዙዎች በውኃ ጥምና በድካም መንገድ ላይ ቀሩ። የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሸሹ። ሌላው ወታደር እጁን ሰጠ፤ ቆይቶም ከነቤተሰቡ በዛላምበሳ በኩል ወደ ትግራይ፣ ከዚያም በወሎ ወደ መሀል አገር እንዲወጣ ተደረገ። ድርቅና ጦርነት ያደቀቀው የአዲግራትና የመቀሌ አካባቢ ሕዝብ የራሱን ርሃብ ሳይጨርስ እንግዳ ተቀበለ።

አሥመራ በወደቀችበት በዚያው ግንቦት 16 ቀን፣ አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ላይ ሌላ ታሪክ ይከናወን ነበር። የእስራኤል መንግሥት «ዘመቻ ሰለሞን» ባለው የአየር ማጓጓዝ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያንን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ አወጣ። በአንዱ ጃምቦ ጄት ብቻ ከ1 ሺህ በላይ ሰው ተጭኗል፤ ወንበሮቹ ተነቅለው ነበር። ይህ የሆነው ሥራው በዚያን ቀን ስላልተጀመረ ነው። ሰዎቹ ከጎንደር ገጠር ወጥተው አዲስ አበባ ከተሰባሰቡ ወራት አልፈዋል፤ ስማቸው ተመዝግቧል፤ ለመንግሥት የሚከፈለው 35 ሚሊዮን ዶላርም ተደራድሮ አልቋል። ሁለቱ ጉዞዎች በአንድ ቀን መሆናቸው የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ልዩነታቸው ግን አጋጣሚ አይደለም፤ ለአንዱ ወገን ተቀባይ መንግሥት፣ የስም ዝርዝርና አውሮፕላን ነበረለት፣ ለሌላው ወገን የነበረው እግሩ ብቻ ነበር።

ያለ ሥርዓት የፈረሰ ጦር ጥሎት የሚሄደው ሰው ብቻ አይደለም። መሣሪያም ጥሎ ይሄዳል። በእነዚያ ቀናት ወታደር ክላሽንኮቩን በዳቦ ዋጋ ሸጠ የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጥይት ግምጃ ቤት ፈንድቶ ብዙ ሰው ሞተ፤ የ1977ቱን ድርቅ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የፎቶ ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን እጁን ያጣው፣ ባልደረባው ጆን ማታይ የሞተውም በዚያ ፍንዳታ ነው።

ወታደሩን በተመለከተ ግን የተሠራ ሥራ አለ፤ ይህን መካድ ተገቢ አይሆንም። በሰኔ 1983 ዓ.ም. የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ትጥቁን እንዲፈታ ተደረገ። ወደ ገጠር ለተመለሰው መጓጓዣ፣ የምግብ ራሽን፣ ዘር፣ ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ፣ ለተወሰኑትም የእርሻ በሬ ተሰጠ፤ መሬቱን የሰጠው የገበሬ ማኅበሩ ነበር።

ራሽኑ ለወራት መቆየት የነበረበት ለምን እንደሆነ የእርሻ ቀን መቁጠሪያ ይናገራል። ግንቦት ላይ ከጦር ሜዳ የተበተነ ሰው ምዝገባውን ጨርሶ ቀዬው የሚደርሰው ሐምሌ ወይም ነሐሴ ነው። በዚያን ጊዜ ጎረቤቱ እርሻውን ደጋግሞ አርሶ ጤፉን ዘርቷል። ዘግይቶ የመጣው ሰው መሬት ቢያገኝ እንኳ የሚዘራበት ወቅት አልፎበታል። እንደ አቃቂ ባለ መረሬ አፈር ላይ የዕድል ጭላንጭል አለ፤ ጥቁር አፈር እርጥበት ስለሚይዝ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽምብራ ወይም ጓያ መዝራት ይቻላል። በሌላው አፈር ግን እስከሚቀጥለው ክረምት መጠበቅ ግድ ነው፤ ያ ሰው የራሱን እህል የሚበላው ከዓመት ተኩል በኋላ ነው ማለት ነው። በሬውም ቢሆን አንድ ብቻ ከሆነ የሚያርሰው መቀናጆ ሲያገኝ ነው። በሬ ያጣው መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ከምርቱ ግማሹን ያጣል። ብዙ ተመላሾች መልሰው ከተማ የገቡት ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን ይህ ስሌት አልሞላ ብሏቸው ነው። በዚያ ላይ እነርሱን የተቀበለው የገጠር ቤተሰብ በብሔራዊ ውትድርና ጉልበተኛውን የተነጠቀና ጎተራው የሳሳ ነበር።

ኮሚሽኑ ያቋቋመው ወታደርን ነው። በቃሊቲ የሰፈረው ሕዝብ ግን አብዛኛው ወታደር አልነበረም፤ የወታደር ሚስት፣ የሟች ወታደር ልጅ፣ ወይም ከሠራዊቱ ጋር ፈጽሞ ግንኙነት የሌለው ሲቪል ነበር። ወደ ገጠር ተመለሱ ቢባሉ ወዴት? በየካቲት 1967ቱ አዋጅ መሠረት ገበሬ መሬት የሚያገኘው በሚኖርበት የገበሬ ማኅበር በኩል ነው። አሥመራ ተወልዶ ያደገ ልጅ የአባቱን አገር ስም እንጂ መንገዱን አያውቅም፤ እዚያም ስሙ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

ከዚህ የከበደው ግን የስያሜው ጉዳይ ነው። ስደተኛ የሚባለው ድንበር ተሻግሮ ከአገሩ የወጣ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች አሥመራን ሲለቁ ኤርትራ በዓለም አቀፍ ሕግ የኢትዮጵያ አካል ነበረች፤ ስለዚህ ከአገራቸው ወደ አገራቸው ነው የመጡት፣ ስደተኛ አይባሉም። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በግንቦት ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ደግሞ የኖሩበት ቤት በሌላ አገር ውስጥ ቀረ። ተመላሽ እንዳይባሉ የሚመለሱበት ቤት መሀል አገር ላይ አልነበራቸውም። ተፈናቃይ ቢባሉም በዚያን ዘመን በአገር ውስጥ ለተፈናቀለ ሰው መብት የሚደነግግ ዓለም አቀፍ መርሕ አልነበረም፤ የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ መርሖዎች የወጡት በ1990 ዓ.ም. ነው። ለጉዳዩ ስም ስላልነበረው በጀትም ኃላፊም አልነበረውም። በእርዳታ እህልና በላስቲክ የተጀመረው ኑሮ በዚያው ቀጠለ። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ከኤርትራ ሌሎች ኢትዮጵያውያን ተባረው መጡ፤ ተረኛ ጠባቂው በዛ።

ወደ ክርክሩ ስንመለስ፣ ሠራዊቱ ተከዳ የሚሉት ወገኖች መሪው ባይሸሹ ኖሮ ጦሩ ቢያንስ ተደራድሮ በክብር ይወጣ ነበር ይላሉ። ክርክሩ መሠረት አለው፤ ግንቦት 13 ቀን ማለዳ ላይ የነበረው የእዝ ሰንሰለት በማግስቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ከምፅዋ መውደቅ በኋላ ያለፉትን 15 ወራት አያስረዳም። ባሕር የተዘጋበት፣ አዛዦቹ የተረሸኑበትና በአየር ቀለብ የሚኖር ጦር ቤተሰቦቹን ይዞ ይወጣ ዘንድ ያን ያህል ጊዜ ነበረው፤ ቀኑ ሲደርስ ግን በሥራ ላይ የዋለ ዕቅድ አልታየም። ከተማ ይለቀቃል ብሎ መናገር በራሱ እንደ ክህደት በሚቆጠርበት ሥርዓት ውስጥ ቤተሰብ የማስወጣት ዕቅድ የሚያቀርብ መኮንን ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ሽሽቱን የፈጠረው የመሪው መሄድ ከሆነ፣ ሽሽቱን ያን ያህል ገዳይ ያደረገው ከዚያ በፊት የነበረው ዝምታ ነው ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አሜሪካ ከአፍጋኒስታን ስትወጣ ካቡል ከተያዘች በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ከ120 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ተጓጉዟል፤ ያም ሆኖ ወረቀታቸው ያልተጠናቀቀ ብዙ አስተርጓሚዎችና ሠራተኞች ከአየር ማረፊያው አጥር ውጭ ቀርተዋል፤ ነሐሴ 20 ቀን በበሩ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃትም ከ150 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዓለም የክርክሩን ትኩረት ያደረገው መውጣቱ ትክክል ነበር ወይ በሚለው ላይ ነው። አጥሩ ውጭ የቀረው ሰው ጥያቄ ግን ዝርዝሩ ለምን ቀድሞ አልተዘጋጀም የሚል ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. የመከላከያ ሠራዊት ከመቀሌ ሲወጣ በአገር ውስጥም ተመሳሳይ ሙግት ተነስቶ ነበር። ጦርነቱ ወደ አማራ ክልል ሲስፋፋ ከሰሜን ወሎና ከዋግ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ እነዚያም ከተሞች ሲያዙ ብዙው እንደገና ተነስቶ ወደ ደብረ ብርሃን አቀና። በዚያ ጉዞ መታወቂያውን፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩንና የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ የያዘ ሰውና ያልያዘ ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ የጠበቀው ዕድል አንድ አልነበረም። የወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቅጂ ሌላ ቦታ መቀመጡ ተራ የቢሮ ጉዳይ የሚመስለው ይህን ላላየ ብቻ ነው።

ዛሬ ሕጉ ከ1983 ዓ.ም. የተሻለ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ስምምነት፣ የካምፓላ ስምምነት የሚባለው፣ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ጸድቆ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። ስምምነቱ ለተፈናቃይ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፤ ወደ ቀድሞ ቀዬው መመለስ፣ በተጠለለበት መኖር ወይም ሌላ ቦታ መስፈር። ከአሥመራ ለመጣው የቃሊቲ ነዋሪ የመጀመሪያው በር ተዘግቷል፤ ቦታው የሌላ አገር ነው። በ1983 ዓ.ም. ዳር የነበረው የቃሊቲ መሬት ደግሞ አሁን ዳር አይደለም። ከተማዋ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ተዘርግታ አልፋዋለች። የአካባቢው ገበሬ መሬቱ ለልማት በመወሰዱ ካሳ ሲጠይቅ ቢያንስ የሚያሳየው ይዞታ አለው። በመጠለያ ውስጥ ተወልዶ ያደገና ዛሬ የራሱን ልጆች የሚያሳድግ ሰው የሚያሳየው ግን ቤተሰቡ በዚያ ስፍራ የኖረበትን ዘመን ርዝመት ነው፤ ቁጥር ሁለትን ምርጫ ለእርሱ የሚያጸናለት ደብተር እጁ ላይ የለም።