ማን ይቅደም? የድምፅ ለውጥ ፕሮግራም ትውውቅ

ጄ. አር. አር. ቶልኪን ለድርሰቶቹ ኩዌንያና ሲንዳሪን የተባሉ ቋንቋዎችን ሲፈጥር ሁለቱንም ከአንዲት እናት ቋንቋ ነው ያወጣቸው። የጥንቱ ድምፅ በዘመናት ምን እንደሚሆን ቃል በቃል በእጁ ሲያሰላ ኖሯል። ይህን ልፋት የምታቃልል ትንሽ ፕሮግራም የጻፈው አሜሪካዊው ማርክ ሮዘንፌልደር ነው፤ ቨርዱሪያን የሚባለው ፈጠራ ቋንቋ አባት። ፕሮግራሟ በአጭሩ ኤስ ሲ ኤ ትባላለች።

ከዘፋኝ ድምፅም ሆነ ከቅጂ ጋር ምንም ጉዳይ የላትም። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት በኩል ሁለት የጽሑፍ ፋይሎች ይሰጧታል፤ አንዱ የጥንት ቃላት፣ ሌላው የለውጥ ደንቦች። ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች እየፈጸመች የተለወጡትን ቃላት ታወጣለች። አለቀ።

ችግሩ የሚመጣው ያልተጠበቀ ቃል ስትተፋ ነው። ያን ጊዜ «ፕሮግራሟ ተበላሽታለች» የሚል ይበዛል። ይህ ፍርድ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ስሕተት ነው፤ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው በደንቦቹ ተራ ላይ ነው።

ላቲን ወደ ፖርቹጋልኛ የተጓዘበትን መንገድ እንይ። «ቪታ» (ሕይወት) «ቪዳ» ሆነ፤ በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለው ት ወደ ድ ተለወጠ። «ጉታ» (ጠብታ) ደግሞ «ጎታ» ሆነ። የዚህ ቃል ት በላቲን ይጠብቅ ነበር፣ በፖርቹጋልኛ ላላ። ገና እና ገና ብሎ ማጥበቅና ማላላትን ለሚለይ አማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ ማላላቱ ከቀደመ «ጉታ» ላልቶ ከ«ቪታ» ጋር ይመሳሰላል፣ ቀጣዩ ደንብም ሳይምር «ጎዳ» ያደርገዋል። እንዲህ የሚባል ጠብታ በፖርቹጋል የለም። ት ወደ ድ የሚለው ደንብ ከቀደመ ግን የጠበቀው ት ያመልጣል፣ ከዚያ በሰላም ይላላል። ሁለት መስመር ቦታ ተለዋወጠ፣ ሌላ ምንም አልተነካም።

ያኮብ ግሪም በ1822 ያሳተመው ሕግም ይህንኑ ይመሰክራል። በጀርመናዊ ቋንቋዎች ጥንታዊው ክ ወደ ህ፣ ግ ደግሞ ወደ ክ ዞሯል። የላቲኑ «ኮርኑ» እና የእንግሊዝኛው «ሆርን» (ቀንድ)፣ እንዲሁም «ጌኑስ» (ዘር) እና «ኪን» (ዘመድ) ዘመዳሞች ናቸው። ግ ወደ ክ የሚለውን ያስቀደመ ሰው ግን «ኪን»ን በሁለተኛው ደንብ «ሂን» አድርጎ ያርፋል። ክ መጀመሪያ ቦታውን መልቀቅ አለበት።

ውጤቱ ሲጠም ብዙዎች ከታች አዲስ ደንብ ይለጥፋሉ። እባካችሁ ተዉ! ጠማማውን ቃል የሚያቃና ልጣፍ ሌሎች ቃላትን ያጣምማል። አንድ ቃል ብቻ ይመረጥ፤ ፕሮግራሟም እያንዳንዱን ቃል የትኛው ደንብ እንደነካው ዘርዝራ እንድታሳይ ትታዘዝ። ይህን ማድረግ ትችላለች፣ ጥቂቶች ናቸው የሚጠቀሙበት።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በፊደላችን ሲሞክራት የገጠመው ግን ከተራ ጋር አይገናኝም። «ክፈት» ለሴት «ክፈቺ» እንደሚሆን ለማሳየት «ት ከኢ በፊት ች ይሁን» የሚል ደንብ ጻፈ። ማታውን ሙሉ ሲታገል አንድም ቃል አልተለወጠም። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ቲ ለእኛ ተነባቢና አናባቢ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን አንድ ያልተከፈለ ምልክት ነው። ት እና ኢ ተለያይተው ሲጻፉ ደንቡ ወዲያው ሠራ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ባይት የሚቆጥር የቆየ ፕሮግራም ፊደሉን ሊሰባብረውም ይችላል። ቃላቱን በተነባቢና በአናባቢ ለይቶ በላቲን ምልክት መጻፍ ከሁለቱም ጣጣ ያድናል።

መሞከር የሚፈልግ አንባቢ ከዚሁ ይጀምር፦ ክፈት ክፈቺ፣ ውሰድ ውሰጂ፣ ምረጥ ምረጪ፣ ልበስ ልበሺ፣ ያዝ ያዢ፣ ለምን ለምኚ፣ ክፈል ክፈይ። ሰባት ደንቦች ናቸው፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው መነሻ ስለማይሆን በየትኛውም ተራ ቢደረደሩ ውጤታቸው አንድ ነው።