ከጣሳው የተረፈ ባሩድ፦ ተረትና እውነታ

አሜሪካ ውስጥ የሸክላ ዒላማ የሚተኩሱ ብዙ ሰዎች የሾትጋን ቀለሃቸውን ሰብስበው ቤታቸው መልሰው ይሞላሉ። ባሩዱ በጣሳ ይሸጣል። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፤ ለአንድ ቀለህ 18 ግሬን የሚጨምር ሰው 388 ያህል ጥይት ያወጣበታል። ከዚያ ባለቤቱ የባሩድ ዓይነት ይቀይራል፣ ስፖርቱን ይተዋል፣ ወይም ይሞትና ልጆቹ ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ጣሳ ያገኛሉ። የተረፈው ምን ይሁን ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው ምክር ብዙ ተረት የተቀላቀለበት ነው።

ተረት፦ ባሩድ ያው ባሩድ ነው፤ የሾትጋኑ ለጠመንጃም ይሆናል።

እውነታ፦ ባሩድን ከባሩድ የሚለየው የሚነድበት ፍጥነት ነው። የሾትጋን ባሩድ በአብዛኛው ፈጣን ነው፤ የተሠራው በሰፊ አፈሙዝ ውስጥ በዝቅተኛ ግፊት እንዲሠራ ነው። ለተለመደው ባለ 12 ጌጅ ሾትጋን የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በስኩዌር ኢንች 11,500 ፓውንድ ሲሆን፣ ለ30-06 ጠመንጃ ግን 60,000 ነው። ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ጠመንጃው ይችለዋል» ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን የጠመንጃ ቀለህ በፈጣን ባሩድ ሲሞላ፣ አረሩ ገና ብዙም ሳይንቀሳቀስ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣና መሣሪያውን ይሰነጥቃል። በጥቂቱ ሲጨመር ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ቀለሁ ባዶ ቦታ ስለሚተርፈው በስህተት ሁለት ጊዜ ቢጨመርበት በቀላሉ አይታወቅም።

በተረቱ ውስጥ አንድ እውነት አለ። ለሾትጋን የተሠሩ አንዳንድ ባሩዶች፣ ለምሳሌ ሬድ ዶት፣ በመሙያ መመሪያዎች ውስጥ ለ38 ስፔሻልና ለ45 ኤሲፒ ሽጉጥ ጥይትም መጠን ወጥቶላቸዋል። የትርፍ ባሩድ ትክክለኛ ጥቅም ይኸው ነው፤ ስሙ በመመሪያው ላይ ከሰፈረ፣ ለሰፈረለት ጥይት ብቻ፣ በሰፈረው መጠን።

ተረት፦ ከሁለት ጣሳ የተረፈውን አንድ ላይ ማድረግ ቁጠባ ነው።

እውነታ፦ ሁለት ባሩድ ሲቀላቀል ማንም ያልሞከረው ሦስተኛ ባሩድ ይወለዳል፤ የትኛውም መመሪያ አያውቀውም። ለመለያ የሚጨመሩት ባለቀለም ቅንጣቶችም ማረጋገጫ አይሆኑም። ሬድ ዶት ቀይ ቅንጣት አለው፤ ቀይ ቅንጣት ያለው ሁሉ ግን ሬድ ዶት ነው ማለት አይደለም። ስም የሌለው ጣሳ፣ በሌላ ዕቃ የተገለበጠ ባሩድ፣ በመሙያ ማሽኑ ላይ ተረስቶ የቆየ ትራፊ፣ ሦስቱም የሚወገዱ ናቸው።

ተረት፦ ያረጀ ባሩድ ይዳከማል እንጂ ጉዳት የለውም።

እውነታ፦ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ እየፈረሰ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱም መፍረሱን ያፋጥነዋል። አምራቾች እንደ ዳይፌኒላሚን ያለ ማረጋጊያ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። ማረጋጊያው ሲያልቅ ባሩዱ እየሞቀ በራሱ ሊነሳ ይችላል። ሊበርቴ የተባለችው የፈረንሳይ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 1911 ቱሎን ወደብ ላይ ፈንድታ ከ200 በላይ ሰው የገደለችው በተበላሸ ባሩድ ምክንያት ነበር። ቤት ውስጥ ምልክቱ አፍንጫ የሚወጋ የአሲድ ሽታ፣ ቀላ ያለ ጭስ ወይም የዝገት መልክ ያለው ብናኝ ነው። ይህ የታየበት ጣሳ ዛሬውኑ ከቤት መውጣት አለበት።

ተረት፦ ውኃ ውስጥ ከተነከረ ሞቷል።

እውነታ፦ ይህ ከጥቁር ባሩድ ዘመን የመጣ ዕውቀት ነው። አባቶቻችን ዓድዋ የዘመቱበት ውጅግራ ጠመንጃ ይተኮስ የነበረው በጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ የከሰል፣ የድኝና የፖታሲየም ናይትሬት ድብልቅ ነው፤ ናይትሬቱ ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ጭስ አልባው ግን አይሟሟም፤ ከደረቀ ተመልሶ ይነዳል። ስለዚህ አርሶ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ወይም ቱቦ ውስጥ መድፋት አደጋውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው። ጭስ አልባውን በጥቁር ባሩድ ለሚተኮስ፣ በአፈሙዙ ለሚጎርስ ጠመንጃም መጠቀም አይቻልም፤ መሣሪያውን ይበጣጥሰዋል።

ተረት፦ ለሣር ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

እውነታ፦ ግማሽ እውነት ነው። ናይትሮሴሉሎስ 13 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን አለው፤ ነገር ግን ሣሩ በቀላሉ የሚያገኘው አይደለም። ጥቂት ትራፊን በስሱ በሰፊ ሣር ላይ መበተን የቆየ የማስወገጃ ልማድ ነው፤ ከማዳበሪያነቱ ይልቅ ማስወገጃነቱ ይበልጣል። አንዳንዱ ባሩድ ናይትሮግሊሰሪን ስላለው ልጆችና እንስሳት በሚውሉበት ቦታ አይበተንም። መጠኑ በዛ ካለ፣ ወይም ባሩዱ መበላሸት ከጀመረ፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለአካባቢው እሳት አደጋ መከላከያ ነው።

ደህናው ባሩድ በራሱ ጣሳ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። ዋናውን ጣሳ የሚያስመርጠውም ጥንካሬው አይደለም፤ እሳት ቢነሳ ግፊት ሳያፍን እንዲከፈት ተደርጎ መሠራቱ ነው። ጠንካራ የብረት ሣጥን ወይም የታሸገ የመስታወት ብልቃጥ ግን ነዲዱን ወደ ፍንዳታ ይለውጠዋል።

ጣሳው ሥር የቀረው 500 ግሬን የአንድ ፓውንድ አንድ አሥራ አራተኛ ነው፤ ለ28 ቀለህ እንኳ አይበቃም። ለዚህ ብሎ ማንነቱ ያልታወቀ ባሩድ መሙላት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ነው። ስሙ ከጣሳው ላይ ከጠፋ ዋጋውም ጠፍቷል።