የኮምፒዩተር ከለላ መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ እንዲጸና ስለ ማድረግ

የነጋዴ ሀብት በመጋዘን የተከማቸው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የዱቤው መዝገብ፥ የደንበኞቹ ስምና የሒሳቡ ማስረጃም ሀብቱ ነው። ይህ ሁሉ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚጠበቅ ስለ ሆነ፥ ፋየርዎል የተባለው ከለላ እንደ መጋዘን ዘበኛ ሊቈጠር ይገባል። ሥራውም ከውጭ በኔትዎርክ የሚመጣውን እየመረመረ፥ የተፈቀደለትን ማስገባትና ያልተፈቀደለትን መመለስ ነው።

ይሁን እንጂ ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ነገር አለ። የሒሳብ መዝገብ የሚያዝባቸው ብዙ ሰርቨሮች በሊኑክስ ይሠራሉ። በነዚህም ላይ አይፒቴብልስ በተባለው መሣሪያ የሚሰጥ ትእዛዝ ወዲያውኑ ቢፈጸምም፥ የሚቀመጠው በሜሞሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ትእዛዙ ይሰረዛል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለው፥ ያልተጻፈ ትእዛዝ እስከ መብራት መጥፋት ድረስ ብቻ ይኖራል።

ጉዳዩ በኩልመስክና በመላው ላስታ ያሉትን ነጋዴዎች ይልቁን የሚመለከት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ላሊበላና አካባቢው ለብዙ ወራት ያለ መብራት መቆየታቸው ይታወሳል። መብራት በሚቋረጥበት፥ ጄኔሬተርም በሚነሣበትና በሚቆምበት ስፍራ፥ ኮምፒዩተር የሚጠፋው ባለቤቱ በወደደ ጊዜ አይደለም። መብራቱ ሲመለስ ሽያጭ ይመዘገባል፤ ደረሰኝም ይታተማል፤ ነገር ግን ለማይኤስኪውኤል የሒሳብ መዝገብ የተመደበው 3306ኛው በር ትናንት ተዘግቶ ሳለ ዛሬ ክፍት ሊሆን ይችላል። ይህንንም የሚያሳይ ምልክት የለም።

የክፍት በር ጉዳት በዓለም ታይቷል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዊንዶውስ 445ኛ በር እየገባ፥ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቈልፎ ገንዘብ ጠይቋል።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ይኸውም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ትእዛዞቹ በትክክል መሥራታቸው ከታየ በኋላ፥ አይፒቴብልስ-ሴቭ በተባለው ትእዛዝ በፋይል ይጻፉ። በዴቢያንና በኡቡንቱ አይፒቴብልስ-ፐርሲስተንት የተባለው ፕሮግራም ቢጫን፥ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቍጥር ፋይሉን ራሱ ያነባል። ፋየርዎልዲ በሚሠራበት ግን ትእዛዙ ቋሚ እንዲሆን «ፐርማነንት» የሚለው ቃል ሊታከልበት ያስፈልጋል። የዊንዶውስ ፋየርዎል ሕጎቹን ራሱ በዲስክ ስለሚያኖር፥ ይህ ድካም የለበትም።

2ኛ. የአይፒ 4ኛውና የ6ኛው ዓይነት ሕጎች ለየብቻ ስለሚጻፉ፥ ሁለቱም ይቀመጡ።

3ኛ. ሕጉ በተለወጠ ቍጥር እንደ ገና ይጻፍ፤ አለዚያ ሲነሣ የሚመለሰው የቀድሞው ነው።

4ኛ. ገበያ በሌለበት ሰዓት ኮምፒዩተሩ ሆን ተብሎ ጠፍቶ ይነሣና የሕጎቹ ዝርዝር ይታይ። ሰርቨሩ በሌላ ከተማ የሚገኝ እንደ ሆነ፥ ባለሙያው የሚገባበት መንገድ እንዳይዘጋበት አስቀድሞ ይጠንቀቅ።

ስለዚህ ነጋዴው ከባለሙያው ሥራ ሲረከብ «ፋየርዎል ተክለሃልን?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከለላው ጸንቶ መገኘቱን በዓይኑ አይቶ ሒሳቡን ይክፈል።