ጎርፉ ሲመጣ አልሰማነውም

በሐምሌና በነሐሴ የራያ ቆላ ገበሬ ተኝቶም ያዳምጣል። እኛ ያለነው ሜዳው ላይ ነው። ዝናቡ ግን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከበላያችን፣ በምዕራብ በኩል ባለው ደጋ ላይ ነው። ቆቦ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እየታየ ተራራው ላይ መብረቅ ይበርቃል። ከዚያ ጎርፉ እንደ ሆርማትና እንደ ጎሊና ባሉት ወንዞች ይወርዳል። ጎርፍ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ ምድሪቱ የምታጉረመርም ይመስላል። ያን ጊዜ የውሃ አባት ይጣራሉ። ሰው ሁሉ አካፋና ዶማውን ይዞ ወደ መጥለፊያው ይሮጣል። ጎርፍ በደንብ የጠጣ ማሳ፣ ዝናብ ቢቀር እንኳ ማሽላውን ለብዙ ቀን ያቆየዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ ትልቅ ጎርፍ አመለጠን። ሰንፈን አይደለም። አልሰማነውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመንደራችን ዳር ጥልቅ ጉድጓድ ሊቆፈር ማሽን መጣ። እኛ ውሃ ስንለምን የኖርን ሰዎች ነን፤ በእልልታ ተቀበልነው። በቆቦና በጊራና ሸለቆ ከመሬት በታች ብዙ ውሃ እንዳለ ከታወቀ ቆይቷል። የቆቦ-ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በ1990ዎቹ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ገበሬው በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት ችሏል። እኛም ተራችን ደረሰ አልን። እርግጥ በበጋ ቢመጡ ይሻል ነበር፤ ማን ጠየቀን?

ማሽኑ ሲነሳ ሌላ ነገር ሆነ። የመቆፈሪያው ሞተር አለ። አየር የሚነፋው ኮምፕሬሰር አለ። ለመብራት የሚሆን ጄኔሬተር አለ። ሦስቱም ናፍታ ይጠጣሉ፤ ሦስቱም ይጮኻሉ። ቅርብ ያለው ቤት ከማሽኑ አርባ እርምጃ ቢርቅ ነው። እዚያ ቤት አራስ ነበረች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ያድራል፤ እናትየው ዓይኗ ቀልቶ ትውላለች። አንዲት ላም አልታለብም ብላ እግሯን መወርወር ጀመረች። ውሻ ቢጮኽ አይሰማም፤ ጅብ በረት ቢገባ አይሰማም። በአምስተኛው ሌሊት ጎርፉ መጣ። የውሃ አባት ተጣርተው ነበር፤ ድምፃቸውን ሞተሩ ዋጠው። ስንነሳ ውሃው ሄዷል፤ መጥለፊያውንም ሰብሮታል።

ወጣቶቹ ተናደው ዱላ አነሱ። ማሽኑን እናባርር አሉ። ሽማግሌዎች መሐል ገቡ። በራያ ዘወልድ የሚባል የሽምግልና ሥርዓት አለ፤ ደም የተቃባ ሰው እንኳ ያስታርቃል። የሞተር ጩኸት ያቅተዋል ብለን አላሰብንም። ሄደን ከካቦው ጋር ተቀመጥን።

«ልጄ፣ ሌሊቱን ለምን አታቆሙትም?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«አባቴ፣ ባቆመው እኔም እተኛ ነበር» አለ። «መሬቱ ደለል ነው። አቁመን ብናድር ጉድጓዱ ይደረመስና ብረቱ ከውስጥ ይቀራል። ቱቦው ገብቶ እስኪያልቅ ድረስ ማቆም አንችልም።»

አልዋሸም። የራያ ሜዳ ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዓመት ያመጣው አሸዋ፣ ጠጠርና ጭቃ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ሲቆፈር ግድግዳው በቀላሉ ይናዳል። ጉድጓዱ ካለቀ በኋላም ውሃው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ፓምፑ ሳይቋረጥ 24 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሠራል። ስለዚህ አንዳንድ ሌሊት ድምፁ የግድ ነው። ነገር ግን የግድ ያልሆነው ጩኸት ብዙ ሆኖ አገኘነው። የብረት ቱቦ ከመኪና ላይ በሌሊት ማራገፍ የግድ አይደለም። ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር ማጽዳት ቱቦው ከገባ በኋላ የሚሠራ ስለሆነ ቀን መሥራት ይቻላል። የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ወደ አራሷ ቤት መዞሩም የግድ አልነበረም። ማርሚታው ደግሞ ተሰንጥቋል። ማርሚታ ማለት የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነው በጭስ ማውጫው ላይ ያለ ቆርቆሮ ነው። ሲሰነጠቅ ሞተሩ እንደ መትረየስ ይጮኻል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የከባድ መሣሪያ ድምፅ ለሰማ የቆቦ ሰው ይኸ ቀላል ነገር አይደለም።

ድምፅ እንደ እህል ይለካል። እህል በኪሎ፣ ድምፅ በዴሲቤል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል ያህል ነው። መለኪያ ከሌለን በምን እናውቃለን? አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እንዲሰማችሁ መጮኽ ካለባችሁ፣ ድምፁ 85 አካባቢ ደርሷል። በዚህ ድምፅ ውስጥ በየቀኑ 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው ከዓመታት በኋላ ጆሮው ይጎዳል። ማሽኑ ላይ በቀን ሥራ የገቡት የእኛው ልጆች ናቸው፤ የጆሮ መድፈኛ ግን አልነበራቸውም።

ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በ10 ሜትር ላይ 85 የሆነ ማሽን በ20 ሜትር 79፣ በ40 ሜትር 73 ይሆናል። ወደ 45 ለመውረድ አንድ ኪሎ ሜትር መራቅ አለበት። ያን ያህል መራቅ ካልተቻለ መከለል ነው። ማሽኑን ከዓይን የሚሰውር የአፈር ክምር ወይም አሸዋ የተሞላ ጆንያ ቢያንስ 5 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ከፍ ብሎ ወደ ማሽኑ ሲጠጋ ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ሸራ ግን ፀሐይ ይከልላል እንጂ ድምፅ አያግድም። ድምፅን የሚያግደው ከባድ ነገር ነው። ሌላም ነገር አለ። ነፋስ በሌለበት፣ ሰማይ በጠራበት ሌሊት ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል። ድምፁ ወደ ሰማይ ከመሄድ ይልቅ ወደ መሬት ይታጠፋል። ቀን የማይሰማ ሞተር ሌሊት ደጃፍ ላይ የቆመ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ከካቦው ጋር ተስማማን። ጄኔሬተሩ ከአፈር ክምሩ ወዲያ ማዶ ሄደ፤ ጭስ ማውጫው ወደ ባዶው ማሳ ዞረ። ማርሚታው ተቀየረ። ቱቦ ማራገፍና ጉድጓድ ማጽዳት የቀን ሥራ ሆነ። ስለ ጎርፉም መላ ተገኘ። አንድ ጎረምሳ ስልክ ይዞ ከላይ ወንዙ ዳር ያድራል። ጎርፍ ሲሰማ ለካቦው ይደውላል፤ ካቦው የመኪናውን ክላክስ ሦስት ጊዜ ይነፋል። ይኸን ሁሉ በወረቀት ያሰፈረችው ባለፈው ዓመት ፊደል የቆጠረች እናት ናት። መስመሩ ትንሽ ጠምሟል፤ ካቦው ግን አንብቦ ፈርሟል። ከአሥር ቀን በኋላ ሌሊት ክላክሱ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ደረስን። ማሳው ጠጣ።

ይኸ የእኛ መንደር ብቻ ችግር አይደለም። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚሄደው የባቡር መስመር ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር። መንገድና ባቡር ሲሠራ ድንጋይ ይፈነዳል፤ ጠጠር ይፈጫል። ባሕር ባለበት አገር ወደብ ሲሠራ ትልልቅ ብረት በመዶሻ ወደ ባሕሩ ወለል ይመታል፤ የባሕር ዳር ሰው እንቅልፍ ያጣል። በእንግሊዝ አገር በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ሠሪው ገና ሳይጀምር የሥራውን ሰዓትና ድምፁን የሚቀንስበትን መንገድ አቅርቦ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ የሚጠይቅበትን በር ከፍቷል። እኛ ጎርፍ ካመለጠን በኋላ ያደረግነውን እነሱ በፊት ያደርጉታል ማለት ነው።

በእኛም አገር ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ለድምፅ መጠን እንዲወጣለት አዟል። በወጣው መጠን በመኖሪያ ሰፈር ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ነው። በአዋጁ መሠረት ማንም ሰው ጉዳት ስለደረሰ ወይም ሊደርስ ስለሚችል ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አቤቱታ ሲጻፍ «ጩኸት በዛብን» ብቻ አይበቃም። እኛ የጻፍነው እንዲህ ነበር፦

«የፓምፑ ጄኔሬተር የሚቆምበት ቦታ ከቅርቡ ቤት 40 እርምጃ ነው። በቁፋሮው ጊዜ እዚያው ቦታ የቆመው ሞተር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋት ይሠራ ነበር። በአምስተኛው ሌሊት ጎርፍ ሳንሰማ አልፎናል። የጄኔሬተሩ ቤት በድንጋይ ግድግዳ እንዲሠራ፣ በሩና ጭስ ማውጫው ወደ ማሳው እንዲሆን እንጠይቃለን።»

ማሽኑ ሄዷል፤ ጉድጓዱም ውሃ ሰጥቷል። የጄኔሬተሩ ቤት ግን ገና አልተሠራም። መብራት ቢገባልን ወይም ፓምፑ በፀሐይ ኃይል ቢሠራ የናፍታው ሞተር ጩኸት ጨርሶ ይቀር ነበር። ደብዳቤውን ከሰጠን ዛሬ 18 ቀን ሆነ። ቀኑን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፍን ነው።