ያልወረደችው ኳስ

በ1995 ዓ.ም. ጎንደር፣ ሳሙና በር፣ በእኛ መንገድ ዲሽ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ደጅ ላይ ከምረን እንገባለን። የቤቱ እመቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ጫማ ሳናወልቅ አያሳልፉንም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ፀጉሩ የተንጨፈረረ ልጅ ኳስ እየገፋ ይሮጣል። ሜዳው አያልቅም። ይዘላል፣ እግሩን ወደ ኋላ ይስባል፣ ፊቱ መስኮቱን ይሞላል፣ የልጅነቱን ያስታውሳል። ኳሷ አየር ላይ ናት። ድንገት ዘፈኑ ይመጣና ክፍሉ ያበቃል። ኳሷ ሳትወርድ ወደየቤታችን እንሄዳለን።

ልጁን ካፒቴን ማጂድ እንለዋለን። የሚናገረው ዐረብኛ ነው፤ ከእኛ መካከል ዐረብኛ የሚሰማው ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ገዳሪፍ ኖሮ በመተማ በኩል የተመለሰ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ከፊት ይቀመጥና ይተረጉምልናል። በእሱ ትርጉም የማጂድ ተጋጣሚዎች የአዘዞ ልጆች ናቸው፤ አሠልጣኙም “አይዞህ፣ እናትህ እያየችህ ነው” ይለዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ዐረብኛ ከሚያውቅ ወዳጄ ጋር ያንኑ ክፍል ሳይ ግማሹ የልጁ ፈጠራ እንደነበር ገባኝ። አልተቀየምኩትም። ስለ ማንጋ ማንበብ የጀመርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ታሪኩ ሳሙና በር እስኪደርስ ስንት ሰው እንደ እሱ የራሱን ጨምሮበት እንዳሳለፈው ማወቅ ፈለግሁ።

ማንጋ የጃፓን የሥዕል ታሪክ ነው። በጥቁር ቀለም ይሣላል፣ ገጹ በሳጥን በሳጥን ይከፈላል፣ ንባቡም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የእኛ ማጂድ በትውልድ ስሙ ኦዞራ ትሱባሳ ይባላል፤ ትሱባሳ ክንፍ ማለት ነው። ሠዓሊው ታካሃሺ ዮኢቺ የ1978ቱን (እዚህም ከዚህ በታችም ስለ ውጭው ዓለም የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ዋንጫ ዐይቶ በኳስ ፍቅር ተያዘ። በ1981 ታሪኩን ሾነን ጃምፕ በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ጀመረ። ጃፓን ያኔ ልቧ ቤዝቦል ላይ ነበር፤ የፕሮፌሽናል እግር ኳስ ሊጓን እንኳ የጀመረችው በ1993 ነው። መጽሔቱ ርካሽ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ አንባቢ የወደደውን ታሪክ በፖስታ ካርድ ጽፎ ይልካል፤ ድምፅ ያጣ ታሪክ ይቋረጣል። እንግዲህ ሠዓሊው በየሳምንቱ የአንባቢውን ልብ አንጠልጥሎ ካልተወ እንጀራው ይቀራል። ያልወረደችው ኳስ የተወለደችው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

በ1988 የመጀመሪያው ታሪክ ሲያልቅ 37 ቅጽ ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ከ1983 ጀምሮ ቴሌቪዥን ወስዶት በ128 ክፍል ሠርቶታል። ልጅ ሆነን የሜዳው ርዝመት ያስገርመን ነበር፤ ምስጢሩን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሲኒማ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል። የጃፓን የቴሌቪዥን ካርቱን ግን ወጪ ለመቆጠብ አንዱን ሥዕል ብዙ ጊዜ ሦስት ምስል ያህል ያቆየዋል፤ ስለዚህ በሴኮንድ ስምንት ሥዕል ይበቃዋል። በዚያ ላይ በመጽሔት ገና እየወጣ ያለ ታሪክ በቴሌቪዥን ሲሠራ፣ ቴሌቪዥኑ መጽሔቱን ደርሶበት እንዳያልፈው መዘግየት ግድ ይለዋል። የቆመ ሥዕል፣ የሚንሸራተት ሰማይ፣ የአሳቢው ልጅ ድምፅ። እጥረቱ ራሱ ውበት ሆነ።

በ1988 ደግሞ ለኒንቴንዶው የጌም ማጫወቻ ለፋሚኮም የኳስ ጨዋታ ሆኖ ወጣ። የዛሬ ልጆች ጌም ቤት ከሚጫወቱት ጋር አይመሳሰልም። ተከላካይ ሲመጣብህ ጊዜው ቀጥ ይላል፤ ታቀብላለህ፣ ታታልላለህ ወይስ ትመታለህ? መርጠህ እስክትጨርስ ኳሷ ትጠብቅሃለች። ይህን ሳነብ ብቻዬን ጮኼያለሁ፤ የጨዋታው ሠሪዎች ከታሪኩ ውስጥ ምን መውሰድ እንዳለባቸው ገብቷቸው ነበርና። ስሙም፣ ማልያውም፣ ግቡም ሊለወጥ ይችላል። ከመምታት በፊት ያለችው ያቺ የተያዘች ትንፋሽ ግን ከጠፋች ታሪኩ ሞቷል። በ2018 የተሠራው አዲሱ ካርቱን የቀድሞው በ128 የተረከውን በ52 ክፍል ይጨርሰዋል። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፣ ሩጫው ፈጣን ነው፤ እኔ ግን እንደ ልጅነቴ ጉልበቴን አቅፌ አላየሁትም።

ስሙማ በየአገሩ ተለውጧል። ጣልያን ሆሊ አለችው፣ ስፔን ኦሊቨር፣ ዐረቦች ማጂድ። ስፔናዊው ፈርናንዶ ቶሬስ ልጅ ሳለ ይህን ካርቱን ዐይቶ ወደ ኳስ እንደተሳበ ተናግሯል። በ2004 ጃፓን ለኢራቋ ሳማዋ ውሃ ማመላለሻ ቦቴዎች ስትሰጥ የማጂድን ሥዕል ለጥፋባቸው ነበር፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መኪናው የማን እንደሆነ ወዲያው ያውቅ ነበር። ኋላም ቶኪዮ ይማር የነበረ ሶሪያዊ ወጣት መጽሐፉን ወደ ዐረብኛ መለሰው፤ ቅጂዎቹም ለስደተኛ ሕፃናት ተሰጡ። ዐረብኛም ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ሳጥኖቹን መገልበጥ አላስፈለገም። ይህ ለእኔ ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካ ነገር ነው። ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ የልጁ ቡድን ናንካትሱ ከወረቀት ወርዶ በስሙ የሚጫወት እውነተኛ ክለብ አለ፤ ባለቤቱም ሠዓሊው ራሱ ነው። በ2024 ታካሃሺ በመጽሔት መሣሉን አቁሞ ቀሪውን ታሪክ በንድፍ ብቻ መልቀቅ ጀመረ።

ታሪክ እንዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ለጎንደር ልጅ ባዕድ አይደለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ጣሪያው ላይ ካሉት የመላእክት ፊቶች ዓይኑን ወደ ግድግዳው ሲመልስ ታሪክ ከሥዕል ወደ ሥዕል ሲሄድ ያያል። አያቴ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ግድግዳውን ግን በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡልኝ ነበር። “ክፉውን በአንድ ዓይኑ ታውቀዋለህ” ይሉኛል፤ በእኛ ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ሲያይ፣ ክፉው በጎኑ ነው የሚሣለው። መጽሐፉ ወደ ግድግዳ፣ ግድግዳውም በአያቴ በኩል ወደ እኔ ተሻገረ።

የቋራው ካሳስ? የአፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ከዜና መዋዕል ወጥቶ በአቤ ጉበኛና በጎንደሬው ብርሃኑ ዘሪሁን እጅ ልብ ወለድ፣ በግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና በጸጋዬ ገብረ መድኅን እጅ ተውኔት ሆኗል። አዝማሪውም አልተወውም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ሆኖም ሽጉጡ ከመተኮሱ በፊት ያለችውን ትንፋሽ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ሊይዛት ይደክማል። ታሪኩን ልጆች የሚገልጡት የሥዕል መጽሐፍ ሆኖ፣ በሳጥን በሳጥን ተከፍሎ ማየት እመኛለሁ። የኛም ሰዎች መንገዱን ጀምረውታል፤ በሰራት ደበበ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ያወጣው ጀምበር የአዲስ አበባን ወጣት ባለ ልዩ ኃይል ጀግና አድርጎ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አቅርቦታል። ማጂድም ቢሆን ከእኛ አልወጣም፤ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ አብሮኝ የነበረው ያ የገዳሪፉ ልጅ “ማጂድ መጣ!” ብሎ ነው ያቀፈኝ።

አሁን ደባርቅ የሥዕል መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት ለስድስተኛ ክፍሎች ስለ ማጂድ ነገርኳቸውና ወረቀታቸውን በአራት ሳጥን ከፍለው ከሰፈራቸው አንድ ታሪክ እንዲሥሉ አዘዝኳቸው። አንዲት ልጅ ጭላዳ የገባበትን የገብስ ማሳ ሣለች። በመጀመሪያው ሳጥን መንጋው ከገደሉ ይወጣል። በሁለተኛው ጠባቂዋ ልጅ ከጭስ ቤት ስትሮጥ ነጠላዋ ይወድቃል። በሦስተኛው ወንጭፏን ታዞራለች። አራተኛው ሳጥን ውስጥ ሰውም ጭላዳም የለም፤ በባዶው መካከል አንዲት ድንጋይ ብቻ ተንሳፍፋለች።

“የት ወደቀች?” አልኳት።

“እሱ በሚቀጥለው ነው፣ ቲቸር” አለችና ወረቀቷን ገልብጣ አዲስ አራት ሳጥን ማስመር ጀመረች።