የራስ ደም መልስ ሲዘጋ

ከባሕር ዳሩ የዓባይ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ሐይቁ ያልተመለከተ መንገደኛ ጥቂት ነው። ግልገል ዓባይ፤ ርብ፤ ጉማራና መገጭ የተባሉት አራት ትልልቅ ወንዞች ወደ ጣና ይገባሉ፤ ትንንሾቹን ጅረቶችማ ማን ቈጥሯቸው። የተፈጥሮ መውጫው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ዓባይ ነው። በዚሁ መውጫ ላይ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የጨረጨራ መቈጣጠሪያ በር ቆሞበታል። እንበልና በነሐሴ ወር ወንዞቹ ሞልተው እየገቡ መውጫው ቢዘጋ፤ የፎገራና የደምቢያ ሜዳ ምን እንደሚሆን ለባላገሩ መንገር አያስፈልግም።

ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ ሐይቅ ልንጽፍ አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው፤ ራስ ስንልም አንገት ላይ ያለውን ማለታችን ነው። አንጎልም እንደ ጣና አራት ገባሮች አሉት። ሁለቱ ደም ቅዳዎች በአንገት ፊት ለፊት፤ ሁለቱ ደግሞ በኋላ በኩል በአንገት አጥንት ውስጥ ሽቅብ ይወጣሉ። ሥራውን የጨረሰው ደም በስስ ደም መልሶች እየተሰበሰበ በአንጎል ሽፋን ውስጥ ወዳሉት ሰፋፊ ቦዮች ይገባል፤ ከዚያም በአንገት ግራና ቀኝ ወደ ልብ ይወርዳል። በዚህ መመለሻ መንገድ ላይ ደም ረግቶ ሲዘጋው ደሙ ወደ ኋላ ይገፋል፤ አንጎል ያብጣል፤ ግፊቱን ያልቻሉት ጥቃቅን ሥሮችም ይፈነዱና ደም ወደ አንጎል ይፈሳል። ጣና ቢሞላ የሚተኛበት ሜዳ አለው፤ አንጎል ግን በአጥንት ሣጥን የተከበበ ስለ ሆነ የሚሰፋበት ስፍራ የለውም። በሽታው ከተገኘባቸው መቶ ሰዎች መካከል ከ30 እስከ 40 በሚሆኑት ላይ ይኸው የደም መፍሰስ ይታያል።

አንባቢ «ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ» ይል ይሆናል። በደም ቅዳ መዘጋት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው። ይህኛው ግን የሚያጠቃው ጐልማሶችንና ወጣቶችን ነው፤ ከሚታመሙት የሚበዙት ከሃምሳ ዓመት በታች ናቸው፤ ሴቶቹም የወንዶቹን ሦስት እጥፍ ያህላሉ። የእርግዝና መጨረሻና የአራስነት ሳምንታት፤ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን፤ የጆሮና የአፍንጫ አካባቢ ቁስለት፤ የውሃ ጥም፤ ካንሰርና በዘር የሚወረስ የደም መርጋት መነሻ ይሆኑታል። ይህን አንብባ ኪኒኗን የምትጥል እኅት እንዳትኖር እንለምናለን። በሽታው ከመቶ ሺህ ሰው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ ነው፤ ደም በማርጋት በኩልም እርግዝናው ራሱ ከኪኒኑ ይብሳል።

እንግዲህ በሐይቁ ዳር ባለች አንዲት መንደር የምትኖር የሁለት ሳምንት አራስ እናስብ። ራሷን ያማት ጀመር፤ ሕመሙ ቀን በቀን እየባሰ ሄደ፤ ስትተኛም ይጠናባታል። እናቷ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹላት። በአራተኛው ቀን ዐይኗ ደበዘዘ፤ በአምስተኛው ሰውነቷ ተንቀጠቀጠና ወደቀች። ጎረቤት «ልክፍት ነው» አለ። በእናቲቱ አንፈርድም፤ ይህ ራስ ምታት ሐኪሙንም ያታልላልና። ለመውለጃ ጀርባዋ ላይ የተወጋችው ማደንዘዣ ያመጣው፤ ወይም የእርግዝና ደም ግፊት፤ ወይም ማጅራት ገትር መስሎ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የምንፈርደው በሚባክነው ቀን ነው። አራስ ሆና እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት የያዛት፤ ይልቁንም የተንቀጠቀጠች ወይም እጅ እግሯ የሰነፈ ሴት በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ይገባታል።

ከሐይቁ ዳር በጀልባ ባሕር ዳር ደረሱ እንበል። ከተማዋ የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ያሏት ናት። ሆኖም ተራው የሲቲ ስካን ፎቶግራፍ ብቻውን ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ መዘጋቱን አጥርቶ የሚያሳየው ደም መልሶቹን በቀለም መድኃኒት ለይቶ የሚነሣው ወይም ኤም.አር.አይ. የተባለው ነው።

ፎቶግራፉ ታየ፤ ቦዩ ተዘግቷል፤ አንጎሏም ውስጥ ደም ፈሷል። ሐኪሙ ባልየውን ጠርቶ «ደም የሚያቀጥን መርፌ እንሰጣታለን» ይለዋል። ባልየውም «ጌታዬ፤ ደም እየፈሰሳት ደሟን ልታቀጥኑት?» ቢል ማን ይፈርድበታል! ይህ ጥያቄ የሊቃውንቱም ጥያቄ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል።

መልሱ በመጠኑ የተገኘው በ1991 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ነው። አይንሆይፕልና ባልደረቦቹ ሃያ በሽተኞችን ለሁለት ከፍለው ለአሥሩ ሄፓሪን የተባለውን መድኃኒት፤ ለአሥሩ ባዶ መርፌ ሰጡ። መድኃኒት ካላገኙት ሦስቱ ሞቱ፤ ካገኙት ግን አንድም አልሞተም። ደግሞም አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸውን የ40 በሽተኞች መዝገብ አገላበጡ። ሄፓሪን ከተሰጣቸው 27ቱ 4 ሲሞቱ፤ ካልተሰጣቸው 13ቱ 9 ሞተዋል። ሃያ ሰው ጥቂት ነው ያሉ አልጠፉም፤ እኛም ብንሆን እንዲሁ እንል ነበር። ነገር ግን በ1999 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ መሪነት 60 ያህል በሽተኞች የተመረመሩበት ጥናት ጥቅሙን አጕልቶ ባያሳይም፤ መድኃኒቱ አዲስ የአንጎል መድማት እንዳላመጣ መሰከረ።

ምክንያቱ ከጨረጨራ በር የራቀ አይደለም። ሄፓሪን የረጋውን ደም ራሱ አያሟሟም፤ እንዳያድግ ይይዘዋል፤ ሰውነትም ቀስ በቀስ ይጠርገዋል። መውጫው ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል፤ የደሙ መነሻም ይደርቃል። በደም ግፊት ምክንያት ደም ቅዳው ለፈነዳበት ሰው ግን ይኸው መርፌ መርዝ ነው። ፎቶግራፉ ሳይታይ መርፌው የማይወጋውም ስለዚህ ነው።

ተማሪ ለሆኑት አንባብያን አንድ ነገር እንጨምር። ይህን ሄፓሪን በ1916 እ.ኤ.አ. ያገኘው በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ተማሪ የነበረው ጄይ ማክሊን ነው። ደም የሚያረጋ ነገር ሲፈልግ ከውሻ ጉበት ተቃራኒውን አገኘ! ከመርፌው በኋላ በኪኒን የሚወሰደው የዋርፋሪን ታሪክም ከዚህ አያንስም፤ መነሻው በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ በልተው ደማቸው አልቆም ብሎ የሞቱ ከብቶች ናቸው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለገበያ የቀረበውም የአይጥ መርዝ ሆኖ ነው።

በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ፤ በብዙ አገሮች 624 በሽተኞችን የተከታተለ ጥናት፤ ከመቶው 79 ያህሉ ጤናቸው ሙሉ ወይም ከሙሉ ጥቂት የጐደለ ሆኖ እንደ ቆሙ፤ 8 ያህሉ እንደ ሞቱ ይናገራል።

አራሷ ድና ወደ መንደሯ ስትመለስ ኪኒኑን ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት መዋጥ፤ ደሟንም እየመላለሰች ማስመርመር ይኖርባታል። ልጇን ማጥባት አይከለክላትም፤ እንደ ገና ለማርገዝ ስታስብ ግን ዋርፋሪን ፅንስን ስለሚጎዳ አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር አለባት። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ጎመን የዋርፋሪንን ኀይል ይቀንሳል። በፍስክ ወራት አልፎ አልፎ ይበላ የነበረው ጎመን ጾም ሲገባ በየማዕዱ ይቀርባልና፤ መጠኑን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ማድረግ፤ ይህ ካልሆነላትም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለሐኪሟ መንገር ይበቃታል።